የብረት ጺም መላጫ ሲያረጅ፦ የሚጠገነውና የሚቀየረው

ባለ ሁለት ፊት ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ ቢበዛ ሦስት አራት ቁራጭ ያለው ቀላል ዕቃ ነው። «አርጅቷል» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ግን ብዙው አላረጀም። ወይ ሳሙና ደርቆበታል፣ ወይ ምላጩ ተጣሞ ገብቷል፣ ወይ የእጀታው ቀዳዳ ተደፍኗል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በሽታውን ይለዩ። ጅማ ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዝናቡ ብዙ ወራት ስለሚቆይ መታጠቢያ ቤት ጥግ እርጥቡን የተተወ መላጫ በደረቅ አገር ካለው ቀድሞ ይበላል።

ክፍሎቹ

ባለ ሦስት ቁራጩ መላጫ ክዳን፣ ሳህንና እጀታ አለው። ክዳኑ ከላይ የሚታየው ጎበጥ ያለው ነው፤ ከሆዱ የሚወጣው ብሎን ምላጩንና ሳህኑን አልፎ እጀታው ውስጥ ይገባል። ሳህኑ ከምላጩ ሥር ይተኛል። ግራና ቀኝ ያሉት ጠርዞቹ ከምላጩ ቀድመው ቆዳውን ይነካሉ፤ እዚህ ከንፈር እንላቸዋለን። ባለ ሁለት ቁራጩ ላይ ሳህኑና እጀታው አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ የእጀታው ግርጌ ሲዞር ጣሪያው እንደ መስኮት ለሁለት የሚከፈተው ነው።

ሥራው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። ክዳኑ ምላጩን አጉብጦ ሳህኑ ላይ አጥብቆ መያዝ አለበት። የምላጩ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሳይጎብጥና ሳይጠብቅ ከተተወ ጺም በነካው ቁጥር ይርገበገባል። ፊት የሚያደማው ብዙ ጊዜ ይኸው መርገብገብ ነው። ከዚህ በታች የምናየው ጥገና በሙሉ ያንን ጥብቀት ለመመለስ ነው።

መጀመሪያ ምላጩን ይቀይሩ

መላጫው ጺም የሚነጭ ከሆነ በአዲስ ምላጭ ይሞክሩት። አንድ ምላጭ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያገለግላል፤ ጺሙ ወፍራምና ደረቅ የሆነ ሰው በ2ኛውም ሊጥለው ይችላል። ከሱቅ ሲገዙ የምላጩን ወረቀት ይዩት። እርጥበት የነካው ወረቀት ይጨማደዳል፣ ቡናማ ነጥብም ይታይበታል። ነጥቡ ካለ ስለቱ ዝጓልና አይግዙት።

አገባቡም ልክ ሊኖረው ይገባል። ክዳኑን ገልብጠው መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ብሎኑ ወደ ላይ ይሁን። ምላጩን ስለት በሌላቸው በሁለቱ አጭር ጫፎች ይዘው ብሎኑ ላይ ያስገቡ። ሳህኑን ጎበጥ ያለ ፊቱን ወደ ምላጩ አድርገው ይጫኑበት። አሁንም አጫጭሮቹን ጫፎች በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ጫን አድርገው እንደያዙ እጀታውን ያጥብቁ። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጫፎቹን ሳይዙ ሲያጠብቁ የእጀታው ዙሪት ምላጩን አብሮ ይዞት ይዞራል፤ በአንዱ በኩል ስለቱ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ይደበቃል። ካጠበቁ በኋላ መላጫውን ወደ መስኮት አቅንተው ከላይ ይመልከቱ። በሁለቱም ጎን ከክዳኑ ሥር የምትታየው የምላጭ መስመር እኩል ቀጭን መሆን አለባት። እኩል ካልሆነች ግማሽ ዙር ያላሉ፣ ምላጩን በጫፎቹ ያስተካክሉ፣ መልሰው ያጥብቁ።

ምላጩ አዲስ ሆኖ፣ መስመሩም እኩል ሆኖ አሁንም የሚነጭ ከሆነ ችግሩ መላጫው ላይ ነው።

ጽዳት

ምላጩን ያውጡና መላጫውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ለ20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሳህኑን ቀዳዳዎች፣ የክዳኑን ሆድና የብሎኑን ፊሌቶ (ጠመዝማዛ ጥርሱን) ይፈትጉ።

ነጭ ቅርፊት ካልለቀቀ አንድ ሲኒ አቼቶ በአራት ሲኒ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ብቻ ያቆዩትና በደንብ ያለቅልቁት። ክሮሙ ያልተላጠ መላጫ ይህን ይችላል። አሉሚኒየም ከሆነ ወይም ክሮሙ ተልጦ ግራጫ ዚንክ ከታየ ግን አቼቶ አያስነኩት፤ አሲዱ ብረቱን ራሱን ይበላዋል። አቼቶና በረኪናን በጭራሽ አይቀላቅሉ። ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የእጀታውን ቀዳዳ ለብቻው እንነጋገርበት፤ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነውና። በየጊዜው የሚገባው የሳሙና ውሃ ቀዳዳው ግርጌ ላይ እየደረቀ ይከማቻል። ቀስ በቀስ ድፍኑ ያድግና ብሎኑ ገና ሳያጠብቅ ግርጌውን ይነካል። እጅዎ ላይ «ጠብቋል» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ የመላጫው ራስ (ክዳኑና ሳህኑ) ግን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ፊሌቶው ያለቀ መስሎት በፒንሳ ያጠብቀዋል፣ ያኔ በእውነት ያልቃል። ቀዳዳው ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ሙቅ የሳሙና ውሃ ጨምረው ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ በስቴኪኒ እየፋቁ ያውጡ፤ ደግመው ይጨምሩ። የመጨረሻው ስቴኪኒ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥሉ። የሚወጣው ነገር እንደ ቀለጠ ሻማ ያለ ግራጫ ጭቃ ነው።

ፊሌቶው አልቋል ወይስ አላለቀም?

ካጸዱ በኋላ ያለ ምላጭ ይግጠሙትና እስኪጠብቅ ስንት ዙር እንደሚሄድ ይቁጠሩ። ጤነኛ መላጫ አብዛኛውን ጊዜ 4፣ 5 ወይም 6 ሙሉ ዙር ይይዛል። የፊሌቶው እርምጃ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 5 ዙር ማለት 4 ሚሊ ሜትር ብረት ለብረት ተያይዟል ማለት ነው። ከ3 ዙር በታች ከሆነ፣ ወይም ሊጠብቅ ሲል «ቅጭ» ብሎ የሚዘል ከሆነ ፊሌቶው ሄዷል።

የትኛው ወገን እንዳለቀ ለማወቅ የብሎኑን ጥርሶች ከጎን በብርሃን ያስተያዩ። ጤነኛ ጥርስ ሹል ነው፤ ያለቀው ድቡልቡል ወይም የተላጨ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው የክዳኑ ብሎን ነው፣ ምክንያቱም የርካሽ መላጫ ክዳን ከዚንክ ቅይጥ ተቀልጦ የሚፈስ ነው። ዚንክ ቅይጥ ለስላሳ ነው፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ብሎኑ የተሰበረበትን የዚንክ ክዳን መበየድ በጣም ከባድ ነው፤ ማጣበቂያም ጥብቀቱን አይሸከምም። ተጣብቆ «የዳነ» ክዳን ፊት ላይ እያለ ሊለቅ ይችላልና አይሞክሩት። ክዳን ይቀይሩ።

ክዳኑ ነሐስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ያለቀውን ብሎን ቆርጦ፣ መሃሉን በስቶ፣ አዲስ ብሎን ሊተክልለት ይችላል። ብረቱን ለመለየት የእጀታውን ቀዳዳ ውስጥ ወይም የተፋቀ ቦታ ይመልከቱ፤ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ወይም ብረት። ማግኔት አጥብቆ ከያዘው ብረት ነው።

ፊሌቶው ደህና ሆኖ፣ ቀዳዳውም ጸድቶ የመላጫው ራስ አሁንም ከተንቀጠቀጠ ብሎኑ ለእጀታው ረዝሟል ማለት ነው። እጀታው ከሌላ መላጫ ሲመጣ ይህ ያጋጥማል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት፣ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) በሳህኑና በእጀታው መካከል ያስገቡ። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ጥገና ነው።

የተጣመመ ሳህን

መላጫ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በመላጫው ራስ በኩል ነው። ሳህኑን ለብቻው ከንፈሮቹን ወደ ታች አድርገው መስታወት ላይ ያስቀምጡና በአራቱም ማዕዘን በጣት ይንኩት። ከተወዛወዘ ተጣሟል። የሱቅ ደረሰኝ ወረቀት ቁራጭ በከንፈሩ ሥር ለማሳለፍ ይሞክሩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከገባ ጥመቱ እዚያ ነው። ከነሐስ ላሜራ የተሠራ ሳህን በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሃል ተይዞ በእጅ ኃይል ቀስ ተብሎ ይመለሳል። የዚንክ ሳህን ግን አይመለስም፤ ቢያቃኑትም ስንጥቅ ያበጃል፣ ስንጥቁም ውሃ ይዞ ይበላዋል።

የተላጠ ክሮም

እጀታው ላይ ከሆነ መልክ ከማበላሸት ያለፈ ጉዳት የለውም። የሚቧጥጠውን ጠርዝ በ600 ቁጥር ከዚያም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ያለስልሱ። ከንፈሩ ላይ ከሆነ ግን ይጣል። የተላጠ ክሮም ጠርዙ እንደ መስታወት ስብርባሪ ስለታም ነው፣ በየቀኑም ቆዳ ላይ ይሄዳል። ሥሩ የወጣው ነጭ ዱቄት የዚንክ ዝገት ነው፤ ቢያጸዱትም ይመለሳል።

እንደ መስኮት የሚከፈተው

የዚህ በሽታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሳሙና ነው። በሮቹ ወይ አይከፈቱም፣ ወይ እስከ መጨረሻው አይዘጉም፤ ያልተዘጋ በር ደግሞ ምላጩን አያጎብጠውም። ለ30 ደቂቃ በሙቅ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው ግርጌውን 20 ጊዜ ያህል ከፈት ዘጋ ያድርጉ፤ በየመካከሉ በብሩሽ ማጠፊያዎቹን ይፈትጉ። ከደረቀ በኋላ በየማጠፊያው አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ በግርጌውም ሁለት ጠብታ ያድርጉና ትርፉን ይጥረጉ። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቅና ካለፈው የባሰ ያጣብቀዋል። በእጀታው ውስጥ በሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ የተቆረጠ ከሆነ ግን ጥብቅ ሆኖ የተዘጋውን እጀታ ከፍቶ መመለስ ከአዲስ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

እጀታው ብቻ ሲሞት፦ ከእንጨት መሥራት

ክዳንና ሳህኑ ደህና ሆነው እጀታው የተሰበረ ወይም ፊሌቶው ያለቀ ከሆነ፣ ጅማ ያለ ሰው ጥሩ አማራጭ አለው። በዙሪያው ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ጠንካራና ድፍን እንጨት ነው፤ ለዚህ ሥራ ከዋንዛ ይሻላል፣ ዋንዛ ለበርጩማ እንጂ እንዲህ ለቀጠነ ነገር ይለሰልሳል። ወይራም እጅግ ጥሩ ነው። እርጥብ ግንድ ካገኙ ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀብተው ጥላ ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ያድርቁት። ጫፉ ሳይቀባ የደረቀ ቡና ይሰነጠቃል።

የሚያስፈልገው ሦስት ባለ 5 ሚሊ ሜትር ዳዶ፣ 20 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ባለ 5 ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ሁለቱ ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ኤፖክሲ ማጣበቂያ፣ ቫዝሊን፣ ባለ 9 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ ብርጭቆ ወረቀት በ120፣ 240 እና 400 ቁጥር።

እንጨቱን ቁመቱ 90፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር አድርገው ያበጁት፤ ቶርኖ ያለው አናጢ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የላይኛው ጫፍ ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን፣ ራሱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። መሃሉን በ9 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይብሱ። ከዚህ ከሰፋ ግድግዳው ይሳሳል፣ ከጠበበ ዳዶው እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

አሁን ሮንዴላዋን ብሎኑ ላይ፣ ከዚያ ሦስቱን ዳዶዎች አከታትለው በጣት ብቻ እስኪነካኩ ያስገቡ። እያንዳንዱ ዳዶ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስቱ 12 ይሆናሉ። ብሎኑ ላይ መግባታቸው ዋናው ዘዴ ነው፤ በአንድ ብሎን ካልተሰለፉ ጥርሳቸው አይገጥምም። የዳዶዎቹን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ቧጭረው በአልኮል ይጥረጉ፣ የፋብሪካ ዘይት ካለባቸው ማጣበቂያው አይዛቸውም። የብሎኑን ጫፍ፣ የሚታየውን ፊሌቶና የሮንዴላዋን ሥር ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ። ቫዝሊን የዳዶውን ጎን እንዳይነካ።

ኤፖክሲውን ቀላቅለው ለቀዳዳው ግድግዳና ለዳዶዎቹ ጎን ይቀቡ፤ ቀዳዳውን ግን አይሙሉት፣ ከሞላ ወደ ፊሌቶው ይገፋል። ሮንዴላዋ የእንጨቱን ጫፍ እስክትነካ ያስገቡት። ሮንዴላዋ ጠፍጣፋ ካረፈች ብሎኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። እንዳይነሳ በፕላስተር አስረው 24 ሰዓት ይተዉት፤ በክረምት ሁለት ቀን ይስጡት። ብሎኑን ፈተው ያውጡ፤ ቀስ ያለ «ጣ» ይልና ይለቃል። ለዳዶው ዙሪያ የተረፈውን ኤፖክሲ ቀብተው ውሃ ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ይድፈኑ።

በ120 ጀምረው በ400 ይጨርሱ፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ይቀቡት። ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ በየመሃሉ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ዘይቱን የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃልና የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ዘርግተው ያድርቁት።

ቁራጭ ወይም አዲስ መላጫ ሲገዙ

የምላጩ ቅርጽ ዓለም አቀፍ ነው። ጊሌት የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ፊት መላጫ ለገበያ ያቀረበው በ1903 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዛሬው መሃሉ ረጅም ክፍተት ያለው ምላጭ ከ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ከአያት የተወረሰ መላጫ እንኳ የዛሬን ምላጭ ይቀበላል። ፊሌቶው ግን አንድ አይደለም። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ሜትሪክ ባለ 5 ናቸው፤ ብዙዎቹ አሮጌዎች ደግሞ ዲያሜትራቸው 4.83 ሚሊ ሜትር የሆነ የኢንች ፊሌቶ አላቸው። እርምጃቸው 0.79 እና 0.80 በመሆኑ መንታ ይመስላሉ። ቀጭኑ ብሎን ሰፊው እጀታ ውስጥ ይገባል ግን ይላላል፤ ሰፊው ብሎን ጠባቡ እጀታ ውስጥ በሁለተኛው ዙር ይቆማል። ከቆመ አያስገድዱት። ሐሙስ ገበያ ላይ አሮጌ ክዳን ወይም እጀታ ከሻጩ ፊት ለመሞከር የራስዎን ቁራጭ በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። በጣት ብቻ 4 ዙር ከሄደ ይግዙ።

አዲስ ሲመርጡ ከተቻለ የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ብሎን ያለውን ይምረጡ። አቅም ከሌለ ዚንኩም ያገለግላል፤ በጣት ጥንካሬ ብቻ ያጥብቁት እንጂ ፒንሳ አያስነኩት።

ጸጉር ቤት ከሆነ

ምላጩ ለአንድ ደንበኛ አንድ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢና የኤች አይ ቪ ጉዳይ ድርድር የለውም። መያዣው ደግሞ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ አይተዉት፣ ሲወጣም በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፤ ክሎሪን ክሮምና ዚንክን ይበሳል። ማፍላት ብቻውን አይበቃም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚመክነው ግን በግፊት 121 ዲግሪ ላይ ነው።

አቀማመጥ

ከተላጩ በኋላ እጀታውን ግማሽ ዙር አላልተው በውሃ ያፍስሱት፣ ያራግፉት፣ መልሰው ያጥብቁ። ስለቱን በፎጣ አይጥረጉ፤ ስለቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይነሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም መታጠቢያ ቤት ውስጥ አያስቀምጡት። አየር የሚያገኝበት ክፍል ውስጥ ራሱን ወደ ላይ አድርገው ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ፈተው ያድርቁት፤ የብሎኑ ፊሌቶ ላይም የክብሪት ራስ የምታህል ቫዝሊን ይቀቡ።

ያገለገለውን ምላጭ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች እጅ ላይ እንዳያርፍ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ያዘጋጁለት። አፉን በፕላስተር ይዝጉት፣ ከላይ በቢላ 25 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ያውጡለት። የምላጩ ወርድ 22 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአጭር ጫፉ ይገባል፤ ሲሞላ ስንጥቁን በፕላስተር አሽገው «ምላጭ» ብለው ጽፈውበት ያስረክቡ።